ያልተጻፈችው የጨው ክፍል

ቃሉን የማያጥፍ ጌታ ምስጋና ይገባው። አማናን፣ የሰውን አደራ፣ ለባለቤቱ መመለስን ባስተማሩን ነቢይ ላይ ሶለዋትና ሰላም ይውረድ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ሽያጭና ስለ ሠራተኛ ቅጥር ነው። «ይኼ ደግሞ ከመስጊድ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ቤት እየሸጠ ነው፣ ወይ ሠራተኛ ሊያሰናብት ነው። ትንሽ ይታገሰኝና ይስማ።

ስሟን የማልጠራት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። ግመሎች ከቆላ ጨው ጭነው ይገቡባታል፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይወጡባታል። ከትልቁ መስጊድ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ሐጂ ጡሃ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ ከኋላ መኖሪያቸው፣ መሀል ላይ ቆዳ የሚሰጣበት ሜዳ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ከመንገዱ ጋር ግድግዳዋ የተያያዘ አንዲት ጠባብ ክፍል። ክፍሏ ድሮ የጨው ማስቀመጫ ስለነበረች ሰው ከገባባትም በኋላ «የጨው ክፍል» መባሏ አልቀረም።

ሐጂ ጡሃ በንግዳቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ቢላ የነካው ቆዳ ሲሸጡ ወደ ፀሐይ አንስተው ቀዳዳውን ለገዢው ሳያሳዩ ዋጋ አይጠሩም። ገዢው «አየሁት ሐጂ፣ በቃ» ቢላቸው እንኳ «ሌላም አለበት፣ ቆይ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ሻጭ ዛሬ ብታገኙ እንዳያመልጣችሁ።

እኚህ ጥንቁቅ ሰው ግን አንድ ጉድለት ነበረባቸው። የሳቸው ብቻ አይደለም፣ የከተማው ሁሉ ጉድለት ነው። ሠራተኛ ሲቀጥሩ ውሉን አይናገሩትም። ተቀጣሪው አንገቱን ደፍቶ «ስንት ይሰጡኛል? እንዴት ነው የምሠራው?» ሲል፣ ጌታው ቅር እንዳለው ሰው ፊቱን ያዞርና «ተው እንጂ፣ አንጣላም!» ይለዋል። ከዚያ እጅ ወደ ላይ ይነሳል፣ የቁርኣኑ መክፈቻ ፋቲሃ በቃል ይቀራል፣ አሚን ይባላል፣ ሥራ ይጀመራል። አንጣላም! ገና አንድ ቀን አብረው ሳይውሉ አለመጣላታቸውን ማን ነገራቸው? ጌታችን አላህ ስትዋዋሉ ጻፉ ያለን እኮ እንደምንጣላ ስለሚያውቅ ነው። የሚጣሉት ክፉዎች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። በዚህች ቃል የሚጣላው ግን ደግ ከደግ ነው፤ ክፉማ ከመጀመሪያው ቀን አስጽፎ ይዟል።

ሐጂ ጡሃ ሙዘይን የሚባለውን ሠራተኛቸውን የቀጠሩት እንዲህ ነው። ሙዘይን ከገጠር የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ ሥራው እርጥብ ቆዳ ላይ ጨው መነስነስ፣ መወጠር፣ ማድረቅ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጨው ክፍሏ ውስጥ ይኖር ነበር። እዚያው አገባ፣ እዚያው አራት ልጆች ወለደ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ጨው መዳፉን ሰነጣጥቆት ስለነበር ሰው ሲጨብጥ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው።

ሐጂ ሰባውን አለፉ። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት ከለከላቸው። ባለቤታቸው ዘቢዳ ደግሞ ዓይኗ እየፈዘዘ ሄደ፤ ሐኪም የተባለ ሁሉ አይቷት «ይኼ የሚመለስ አይደለም፣ ቀስ እያለ ይጨልማል» ብሏታል። አንዲት ልጃቸው ኑሪያ የምትኖረው በእግር ሦስት ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ዘቢዳ የልጇን ልጆች አይታቸው አታውቅም። «ሐጂ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ፊታቸውን ልየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትላቸው ነበር። ሐጂም ግቢውን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ወሰኑ።

ገዢ ወዲያው ተገኘ። ነስረዲን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሥራ የሚወድ፣ ቁርጥ ያለ ሰው። ግቢውን የፈለገው ለመንገዱ ሲል ነው። የጨው ክፍሏን አፍርሶ በቦታዋ ሱቅ ሊሠራ አስቧል። በዋጋው ተስማሙ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ፋቲሃ ቀሩ፣ ከጁምዓ በኋላ በቃዲው ፊት ሊጽፉ ተቀጣጠሩ። ነስረዲን ሊሄድ ሲል ወደ ክፍሏ እያየ «ሐጂ፣ እዚህ ያለው ሰውዬ መቼ ይለቃል?» አለ።

«ሠራተኛዬ ነው፤ እነግረዋለሁ። አንድ ወር ይበቃዋል» አሉ ሐጂ።

በማግስቱ ሐጂ ወደ ቆዳ ማስጫው ሜዳ ወጡ። ሙዘይን ቁጢጥ ብሎ ጨው ይነሰንሳል።

«ሙዘይን፣ ግቢውን መሸጤን ሳትሰማ አልቀረህም።»

«ሰምቻለሁ ሐጂ። አላህ ኸይር ያድርገው።»

«ገዢው ክፍሏን ይፈልጋታል። አንድ ወር አለህ፤ ቤት እስክታገኝ እኔም እረዳሃለሁ።»

ሙዘይን እጁን ከጨው ውስጥ አወጣና ተነስቶ ቆመ። «ሐጂ፣ የገባሁ ቀን በሕይወት እስካለህ ማንም አያስወጣህም ብለውኝ ነበር» አለ።

ሐጂ ጡሃ ክው አሉ። «እኔ? መቼ?»

«ለፋቲሃ እጅ አንስተን ነበር። ደመወዙን ስጠይቅዎት አንጣላም አሉኝ። እኔ ደግሞ ላገባ ነው፣ የት ልግባ አልኩዎት። ያኔ እርስዎ ራስዎ ወደ ክፍሏ አመለከቱና ይቺ አለችህ፣ በሕይወት እስካለህ ማንም አያስወጣህም አሉኝ። ከዚያ ፋቲሃውን ቀራን። ደመወዙ ከሌላው ቢያንስም ቤት አለኝ ብዬ አንድ ቀን አላነሳሁትም።»

«ማን ሰማ ይኼን?»

«ከአላህ በቀር ማንም አልነበረም።»

ሐጂ ተቆጡ። መቆጣታቸውን አልደብቅላቸውም፤ ደግ ሰው አይቆጣም ያለው ማነው? «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍህን ይዘህ ከርመህ ግቢውን ስሸጥ ነው የምታወጣው?» አሉት።

ሙዘይን አንገቱን እንደደፋ መለሰ፤ «ሃያ ሦስት ዓመት ውጣ ያለኝ የለም ሐጂ። ምን ብዬ ላንሳው?»

ሐጂ ወደ ቤታቸው ገቡ። የተቀጠረበትን ቀን ደጋግመው አሰቡት። ፋቲሃ መቅራታቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ጧት እንደነበረም ትዝ ይላቸዋል። ያቺ ቃል ግን የለችም። ይዋሽብኛል ብለው ለማመን ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ሙዘይን በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቁራጭ ቆዳ አጉድሎባቸው አያውቅም። ብያለሁ ብለው ለማመንም ሞከሩ፣ እሱም አልሆነላቸውም። መሀል ላይ ቀሩ።

ነስረዲን ነገሩን ሲሰማ አልተጨነቀም። «ምስክር የለው፣ ወረቀት የለው፤ ቃዲው ዘንድ እንሂድና በግማሽ ቀን ያልቃል» አለ። ሐጂም ከራሴ ፍርድ የሸሪዓ ፍርድ ይሻላል ብለው ተስማሙ።

ቃዲው ሸኽ ሐቢብ ይባላሉ። ንግግር የማያበዙ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። የሙዘይንን ሰሙ፣ የሐጂን ሰሙ፣ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሙዘይን፣ ምስክር አለህ?»

«የለኝም ያ ሸኽ።»

«የተጻፈ ነገርስ?»

«የለኝም።»

ቃዲው ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ ጡሃ፣ ሕጉን ያውቁታል። ይገባኛል የሚል ሰው ማስረጃ ያመጣል። ካላመጣ የተጠየቀው ይምላል፣ ነገሩም ይዘጋል። እንዲህ ያለ ቃል መስጠቴን አላውቅም ብለው በአላህ ይምላሉ?»

ሐሰት እንዲምሉ አልተጠየቁም። ይኼን ልብ በሉልኝ። አላውቅም ማለታቸው እውነት ነው፤ በእርግጥም አያውቁም። ሕጉ ከሳቸው ጋር ነው፣ ገዢው አጠገባቸው ቆሟል፣ የባለቤታቸው ዓይን ቀን እየቆጠረ ነው። እኔ ብሆን ምላስ እስኪያደናቅፈኝ ፈጥኜ ነበር የምምለው። እናንተንም አላማችሁም፤ ግን እንተዋወቃለን።

ሐጂ እጃቸውን ለመሃላ አነሱና መልሰው አወረዱት። «እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አሉ።

«እስከ ነገ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት» አሉ ቃዲው።

ነስረዲን ከበሩ ሳይወጡ ጀመራቸው። «ሐጂ፣ ምን ይሉታል ይኼን? እውነት ለመማል ጊዜ ይጠየቃል እንዴ?»

«እኔስ ጠየቅሁ» አሉና ጥለውት ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ዘቢዳ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። የቃዲውን ነገር ነገሯት። እሷም፣ «ሐጂ፣ ያ ብርቱ ዝናብ የዘነበበት ዓመት ትዝ ይልዎታል? የጨው ክፍሏ ጣሪያ የወደቀበት?» አለች።

«ትዝ ይለኛል።»

«ማን ነው የሠራው?»

«ሙዘይን ነዋ።»

«በማን እንጨት?»

እንጨቱን ሙዘይን ከጫካ በትከሻው ሲያመላልስ ሐጂ ስንት ቀን አይተውታል። ምስማሩንም፣ አናጢውንም የቻለው እሱ ነው።

«ያኔ እኛ እንቻልለት እንጂ ምስኪን ነው ብዬዎት ነበር» አለች ዘቢዳ። «እርስዎ ደግሞ ቤቱ አይደል፣ ይጠግነው አሉኝ። እኔም የሰውየው ቤት መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ይቺን ሴት አያችሁልኝ? ይኼን ባትናገር ማን ያውቅባት ነበር? ነገ ሐጂ ይምሉ፣ ግቢው ይሸጥ፣ በሳምንቱ ልጇ ደጃፍ ነበረች። በሷ ቦታ ብሆን የጣሪያው ነገር ትዝ አይለኝም ነበር፤ ወይም ትዝ ብሎኝ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ስለ ሐጂ ጡሃ የሚያወሩ ብዙ ናቸው፣ ዘቢዳን የሚያነሳት የለም። እኔ ግን የሚከብደውን ያደረገችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

ሐጂ በማግስቱ ከዙህር በፊት ቃዲው ፊት ቀረቡ። ነስረዲንም ሙዘይንም አሉ።

«ይምላሉ?» አሉ ቃዲው።

«አልምልም።»

«ቃሉን መስጠትዎ ትዝ አለዎት?»

«አላለኝም። ግን የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት የክፍሏ ጣሪያ ሲወድቅ እንጨቱን ሙዘይን በትከሻው ተሸክሞ፣ በራሱ ገንዘብ ሠራው፤ እኔ ቆሜ አየሁት። ለባለቤቴም ቤቱ ነው፣ ይጠግነው ብያለሁ። ክፍሏ የኔ ከነበረች ያኔ በድዬዋለሁ፤ የራሴን ቤት በሱ ትከሻ አሠርቻለሁ ማለት ነው። ካልበደልኩት ደግሞ ክፍሏ የሱ ናት፣ ቃሉንም ሰጥቻለሁ። ከሁለቱ የቱም ቢሆን፣ ከዚህ በኋላ አላውቅም ብዬ አልምልም። እኔ ረስቻለሁ፣ እሱ አልረሳም። መርሳቴን ምስክር አድርጌ ሰው ከቤቱ አላስወጣም።»

ቃዲው ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ፈረዱ፤ ሙዘይን በሕይወት እስካለ በክፍሏ ይኖራል፣ እሱ ሲያልፍ ለባለ ግቢው ትመለሳለች። ወደ ነስረዲን ዞረውም፣ «የገዛኸው ግቢ ውስጥ የሌላ ሰው ሐቅ ተገኝቷል። ይኼ በዕቃ ላይ እንደተደበቀ ጉድለት፣ እንደ ዓይብ ነው፤ ሳይነገርህ ስለተስማማህ ምርጫው ያንተ ነው። ፈልገህ ከነሐቁ ትወስዳለህ፣ ወይም ትተዋለህ። ማንም አያስገድድህም» አሉት።

«ትቼዋለሁ» አለ ነስረዲን። ፊቱ ቀልቷል። «ሐጂ፣ ፋቲሃ ቀርተን አሳፈሩኝ።»

«ልክ ነህ፣ አሳፍሬሃለሁ» አሉ ሐጂ። «ሳልጠይቀው በአንድ ወር ይለቃል አልኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ነስረዲን አውፍ ሳይላቸው ወጣ። ከወር በኋላ ግን ሌላ ቦታ ሲገዛ ከመዋዋሉ በፊት በግቢው ያለውን ሰው ሁሉ፣ ዘበኛውን ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እየጠራ «አንተ በምን ቃል ነው የምትኖረው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ሰዉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩበትም፤ ቤት የምትገዙ ወንድሞቼ፣ ግድግዳውንና ድንበሩን ብቻ አትለኩ፣ እንደሱ ጠይቁ።

ሽያጩ ፈረሰ። ዘቢዳ የቋጠረችውን ጓዝ ፈታች። ሐጂም ዓይኗን ማየት ከበዳቸው።

በሳምንቱ ሙዘይን መጣ። ሐጂ ማስጫው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ሐጂ፣ ክፍሏን ልልቀቅልዎት። በፈቃዴ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ነስረዲንን ይጥሩት። እማ ዘቢዳ ልጇን ሳታይ ዓይኗ ቢጠፋ እኔ እንዴት እችለዋለሁ?»

የሐጂ ዓይን እንባ አቀረረ። ብዙ ሰው ይኼኔ «አላህ ይስጥህ» ብሎ፣ አቅፎ ስሞ፣ ገዢውን ሊጠራ ይሮጣል። በሐቅ አሸንፎ ሐቁን የተወ ሰው እኮ ነው፤ ምን ይወጣለታል? ሐጂ ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«አልቀበልህም።»

«ለምን ሐጂ?»

«እንጀራህ በእጄ ነው። ነገ ጧት ሥራ የምትገባው እኔ ግባ ስልህ ነው። እንዲህ ሆነህ የምትሰጠኝን ነገር ወደህ መስጠትህን በምን አውቃለሁ?»

«ወላሂ ከልቤ ነው።»

«ከልብህ ይሆናል። እኔ ልብህን አላየውም፤ የማየው እጅህ ከእጄ በታች መሆኑን ነው። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ከዚያ ሐጂ ጡሃ ሦስት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ ጸሐፊ ጠርተው ሁለት ምስክር ባለበት የክፍሏን ነገር አስጻፉ፤ አንዱን ወረቀት ለሙዘይን ሰጡ፣ አንዱን ቃዲው ዘንድ አኖሩ። ቀጥለው የቆዳውን ንግድ ዘጉ። ሙዘይንን ሲያሰናብቱ የሚገባውን ሁሉ አስበው ከፈሉት። ከዚህም አልፈው አንድ ሌላ የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ሰውየው ሙዘይንን አይቶ ደስ አለውና «በቃ፣ አንጣላም» አለ። ሐጂ ቆጣ ብለው፣ «ስንት እንደምትከፍለው፣ መቼ እንደምትከፍለው፣ የሚያርፍበትን ቀን፣ ሁሉንም አሁን ተናገር። ከዚያ ፋቲሃ እንቀራለን» አሉት። ሰውየው እየሳቀ ተናገረ፤ እሱንም አስጻፉት። ፋቲሃው የተቀራው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

ይኼ ሁሉ ከሁለት ወር በላይ ወሰደ። የዘቢዳ ዓይን ደግሞ አይጠብቅም፤ በዚህ መሀል የአንዱ ብርሃን ጨርሶ ሄደ።

ሙዘይን አዲሱ ጌታው ዘንድ ሠርቶ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ማግስት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ጡሃ የጨው ክፍሏን በር አንኳኩ። በገዛ ግቢያቸው ውስጥ እንደ እንግዳ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልግባ?» ብለው ነው የገቡት። ሙዘይን ተደናግጦ ትራስ አቀረበላቸው። ባለቤቱና ልጆቹም አሉ።

«ሙዘይን፣ ዛሬ ጌታህ አይደለሁም» አሉ። «አልቀጥርህም፣ አላሰናብትህም፣ ያንተ የሆነ ነገር በእጄ የለም። ጎረቤትህ ነኝ። ያን ቀን ክፍሏን እለቃለሁ ብለኸኝ ነበር። አሁን እንደገና እጠይቅሃለሁ። እንቢ ብትለኝ ቅር አይለኝም፣ እሺ ብትለኝ አመሰግናለሁ። ትለቃለህ?»

ሙዘይን ባለቤቱን አየ፤ ልጆቹን አየ፤ መሬቱን አየ። ከዚያ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ የሐጂን ዓይን እያየ ተናገረ።

«አልለቅም ሐጂ። ሌላ መግቢያ የለኝም።»

ሐጂ ጡሃ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በጣቱ ጫፍ ሳይሆን ሙሉ መዳፉን ጨበጡትና ወጡ።

ግቢው ሌላ ዓመት ቆይቶ ተሸጠ። ገዢው ወረቀቱን አንብቦ፣ ሙዘይንን አነጋግሮ፣ ከነክፍሏ ነገር በቀነሰ ዋጋ ገዛው። ሐጂና ዘቢዳም ወደ ልጃቸው ሄዱ። ዘቢዳ በቀረችው ዓይን የልጅ ልጆቿን ፊት ጥሩ አድርጋ አየችው ይባላል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተወለደችውን ታናሺቱን ግን በእጇ ዳስሳ ነው ያወቀቻት። ይኼን የምነግራችሁ ሐቅ በነጻ አይገኝም ለማለት ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ሁልጊዜ ባለ ጉዳዩ ብቻ አይሆንም።

ከመሄዳቸው በፊት ቃዲው ሸኽ ሐቢብ ሊሰናበቷቸው መጥተው ነበር። «ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰውየው በፈቃዱ እሺ ብሎዎት ነበር። እንዲህ ዞረው ጠይቀው እንቢ እስኪልዎት ድረስ ምን አስገደደዎት?» አሏቸው።

ሐጂ ጡሃም፣ «ያኔ እሺ ያለኝ እንጀራው ነበር፤ እንቢ ያለኝ ግን ሙዘይን ነው» አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ «ፈርሟል እኮ!» ማለት እንወዳለን። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብሎ ፈርሟል። «ቤቱን በአንድ ወር አስረክባለሁ» ብሎ ፈርሟል። መጻፍ ግዴታችን ነው፣ ከላይ እንዳልኩት ባለመጻፋችን ነው የምንጨራረሰው። ነገር ግን ወረቀት የሚያሳየው የሰውየውን እጅ ነው፤ ሲፈርም ከፊቱ ማን እንደቆመ፣ ያ የቆመው ሰው በኪሱ ምን እንደያዘ አያሳይም። የሸሪዓ ሊቃውንት ገዢና ሻጭ ሳይወዱ፣ ሳይፈቅዱ የተደረገ ውል ውል አይደለም ያሉት ለዚህ ነው። ሪዷ የሚባለው፣ ልብ የወደደው ፈቃድ ማለት፣ እንቢ ማለት ከሚችል ሰው ብቻ ነው የሚገኘው። እንቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ሲላችሁ ገና አልመለሰላችሁም።

ስለ ሌላው ሰው እያወራሁ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ቆሜ ከምሰብክበት ሚንበር ስወርድ እኔም አንዲት ትንሽ የእህል ወፍጮ አለችኝ። አምና አንድ ሠራተኛዬን አሰናበትኩ። ሌላ ቦታ ለመቀጠር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር፤ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶበት ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን እሱን ከመስጠቴ በፊት «ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረብኩለት። አንብቦ ፈረመ። ደብዳቤውን ሰጠሁት፣ ተመራረቅን፣ ሄደ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ በየትኛውም ችሎት ብቀርብ ያስረታልኛል።

ይኼን የሐጂ ጡሃን ነገር ለዛሬ ሳዘጋጅ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ባለፈው ማክሰኞ ሰውየው አሁን የሚሠራበት ወፍጮ ድረስ ሄድኩ። ዱቄት ለብሶ አገኘሁት። «አሁን በኔ ላይ ምንም የለህም፣ እኔም ባንተ ላይ ምንም የለኝም። የምትጠይቀኝ ነገር አለ?» አልኩት።

ነበረው።